ሥራሽ የራስሽ ነው፣ ብድርሽ ግን የብቻሽ አይደለም

ጥያቄ፦

«ጸጋና ሰላም ይብዛልዎ። ዕድሜዬ 29 ነው። ላለፉት አምስት ዓመታት በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን እዘምራለሁ። በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኝ ስምንት ሰዎች ያሉበት የጸሎት ቡድንም አለኝ። ‹የተጠያቂነት ቡድን› ነው የምንለው። መጀመሪያ ላይ በጣም ጠቅሞኛል። አሁን ግን ታፈንኩ።

ከአራት ወር በፊት ሥራ ቀየርኩ። የቡድናችን መሪ ‹እኔን ሳታማክሪ እንዴት?› ብላ ተቆጣች። ‹ለዋኖቻችሁ ታዘዙ› የሚለውን ቃል ጠቅሳ ለሦስት ወር ከመዝሙር አገልግሎት አስቆመችኝ። ቆይታ ደግሞ ‹የምትደብቂው ነገር ከሌለሽ› ብላ የስልኬን የይለፍ ቃል ጠየቀችኝ።

ሌላም ነገር አለ። ከቡድናችን ከአንዲት እህት ገንዘብ ተበድሬ ነበር። በሁለት ወር እመልሳለሁ ብዬ ዓመት አለፈው። እሷ ምንም አላለችኝም። ሌላ ጓደኛዬ ግን ቤቴ ድረስ መጥታ ‹እሷ እኮ ቡድን መምጣት ያቆመችው አንቺን ላለማሳፈር ብላ ነው› አለችኝ። ደሜ ፈላ። ‹እኔ በክርስቶስ ነፃ ነኝ። በሌላው ሎሌ የምትፈርጂ አንቺ ማን ነሽ?› አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኳን አላነሳሁም።

ክርስትና ነፃነት ነው ወይስ ክትትል? ቤተ ክርስቲያኑን ለቅቄ ልውጣ?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ አንቺ ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሁለቱን ሴቶች በአንድ ዓይን ነው ያየሻቸው። የቡድን መሪሽም ጓደኛሽም በሕይወትሽ የገቡ፣ ነፃነትሽን የነኩ ሆነውብሻል። እኔ ግን ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ እላለሁ። አንዷ የማይመለከታትን ነካች። ሌላዋ የሚመለከታትን ይዛ በርሽን አንኳኳች። በመጀመሪያዋ የደረሰብሽ ቁስል ሁለተኛዋን እንዳትሰሚ ጆሮሽን ደፍኖታል። ስለዚህ ነገሩን ለያይተን እንየው።

ከሥራው ልጀምር። ጓደኛሽን የመለስሽበት ጥቅስ ሮሜ 14፥4 ነው። በሮም የነበሩ አማኞች በምን ይከራከሩ ነበር? አንዱ ሁሉን ይበላል፣ ሌላው አትክልት ብቻ። አንዱ ቀንን ከቀን ይለያል፣ ሌላው ቀን ሁሉ አንድ ነው ይላል። ጳውሎስ ሁሉንም በአንድ መስመር ሊያሰልፍ ይችል ነበር። አላደረገውም። «እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ» ብሎ ለኅሊናቸው ተወላቸው። ኃጢአት ባልሆነ ነገር ላይ የወንድምህን ኅሊና አትግዛ ማለቱ ነው። ሥራ መቀየር እዚህ ውስጥ ይገባል። የት እንደምትሠሪ፣ የት እንደምትኖሪ፣ ምን እንደምትማሪ በጌታ ፊት አስበሽ የምትወስኚው ነገር ነው። የጠቀስሽው ቃል ትክክል ነበር። የተናገርሽው ግን ለሌላ ሰው ነው።

መማከር ጥሩ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም በመካሮች ብዛት ደኅንነት እንዳለ ይናገራል። ግን ምክርና ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ምክር ጠይቀሽ ሌላ ነገር ብትወስኚ ማንም አይቀጣሽም። ቅጣት ካለው መጀመሪያውኑ የተጠየቅሽው ፈቃድ እንድታወጪ ነበር ማለት ነው።

መሪሽ የጠቀሰችው ዕብራውያን 13፥17 እውነተኛ ቃል ነው፣ አልቀንሰውም። ቤተ ክርስቲያን መሪ አያስፈልጋትም የሚል ሰው ቢገጥምሽ አትመኚው። ግን ያ ቁጥር ራሱ መሪዎች ስለ ነፍሳችሁ ሒሳብ ይሰጣሉ ይላል። የሚታዘዘው ብቻ ሳይሆን የሚያዘውም ተጠያቂ ነው። ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 5 ሽማግሌዎችን መንጋውን በኃይል አትግዙ፣ ምሳሌ ሁኑ እንጂ ይላቸዋል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ለደስታችሁ አብረን የምንሠራ ነን እንጂ በእምነታችሁ ላይ ጌቶች አይደለንም አለ። ይህን ያለው ሐዋርያ ነው። የቤት ቡድን መሪ ከሐዋርያ የበለጠ ሥልጣን ከየት ታመጣለች?

ዛሬ ማታ ወደ ፊልሞና የተጻፈችውን መልእክት አንብቢልኝ። 25 ቁጥር ብቻ ናት፣ አሥር ደቂቃ አትወስድብሽም። ጳውሎስ አንድ ከባድ ነገር ይጠይቃል። ጠፍቶ የነበረውን ባሪያህን አናሲሞስን እንደ ወንድም ተቀበለው ይላል። ላዝዝህ እችላለሁ፣ ግን ስለ ፍቅር እለምንሃለሁ ይላል። በጎነትህ በግድ ሳይሆን በፈቃድህ እንዲሆን ብዬ አንተ ሳታውቅ ምንም ላደርግ አልወደድኩም ይላል። ሥልጣን ያለው ሰው ሥልጣኑን በእጁ ይዞ ሳይመዝበት ይኸውልሽ። ይህችን መልእክት ለሌላም ጉዳይ እመለስባታለሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ። በ26 ዓመቴ የወጣቶች ቡድን እመራ ነበር። አንድ ታናሽ ወንድማችን ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዶ የመማር ዕድል አገኘ። እኔ «ልቤ አላረፈበትም» አልኩት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አገልጋይ ስለነበር እንዳይሄድብኝ ነው። እሱ ግን የእግዚአብሔር ድምፅ አድርጎ ወሰደውና ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ይቅርም ብሎኛል። ያለፈበትን ዓመት ግን አልመለስኩለትም። ለዚህ ነው የመሪሽን ነገር በቀላሉ የማላልፈው። ክፉ ሴት ናት ብዬም አላስብም። ሰውን ከልብ የሚወድ መሪ እንኳ ሳያውቀው እዚህ ሊደርስ እንደሚችል ከራሴ ስላየሁ ነው።

ነገሩ በትልቅ ደረጃም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ በፎርት ሎደርዴል ከተማ፣ የታወቁ አምስት አስተማሪዎች «የእረኝነት እንቅስቃሴ» ተብሎ የተጠራ ነገር ጀመሩ። አነሳሳቸው ቅን ነበር። ማንም የማይጠይቀው፣ ከጉባኤ ጉባኤ የሚዞር አማኝ በዝቶ አይተው አዘኑ። እያንዳንዱ ሰው የግል እረኛ ይኑረው አሉ። እየቆየ ግን በብዙ ቦታ ሰው ለትዳሩም፣ ለሥራውም፣ ለመኖሪያው ቦታም የእረኛውን ፈቃድ የሚጠብቅ ሆነ። ብዙ ሰው ተጎዳ። ከአምስቱ አንዱ በኋላ በአደባባይ ንስሐ ገብቷል።

የስልኩን ነገር በአጭሩ። አትስጪ። አንድ ሰው ከሚታገለው ልማድ ለመውጣት ራሱ ፈልጎ ለሚያምነው ወዳጁ ስልኩን ክፍት ቢያደርግ ያ ሌላ ነው፣ መልካምም ነው። «የምትደብቂው ከሌለሽ» ብሎ መጠየቅ ግን ፍቅር ሳይሆን ፍተሻ ነው። ደግሞም በስልክሽ ውስጥ ያለው ያንቺ ብቻ አይደለም። ሌሎች አምነው የጻፉልሽ ምስጢር አለ። እሱን አሳልፎ የመስጠት መብት አንቺም የለሽም።

አሁን ወደ ብድሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር እላለሁ፣ ስለምወድሽ ነው።

ከሮሜ 14 ትንሽ መለስ በይ፣ ምዕራፍ 13፥8 ላይ። «እርስ በርሳችሁ ከመዋደድ በቀር ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ» ይላል። ስለ ኅሊና ነፃነት የጻፈው ብዕር ያው ነው። የጻፈውም ለነዚያው ሰዎች ነው። ስለ መብልና ስለ ቀን እያንዳንዱ ለጌታው ይተው ያለው ጳውሎስ ያልተከፈለ ብድርን ከዚያ ጋር አልደመረም። ምክንያቱም ብድርሽ ያለው በአንቺና በጌታ መካከል ብቻ አይደለም። በመካከላችሁ አንዲት እህት አለች። ገንዘቧን ብቻ ሳይሆን ቡድኗንም አጥታለች። አንቺን ላለማሳፈር ስትል እሷ ከኅብረት ቀረች። እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆይ በይ። በሳምንቱ በዚያ ቀን፣ እናንተ ስትጸልዩ፣ እሷ ቤቷ ተቀምጣለች።

ገላትያ 5 «በነፃነት ልንኖር ክርስቶስ ነፃነት አወጣን» ብሎ ይጀምራል። ቁጥር 13 ላይ ሲደርስ ግን ለአርነት ተጠርታችኋል፣ ብቻ አርነታችሁ ለሥጋ ምክንያት አይስጥ፣ በፍቅር እርስ በርሳችሁ አገልግሉ ይላል። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1520 ስለዚህ ሲጽፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን አስቀመጠ። ክርስቲያን የሁሉ ጌታ ነው፣ ለማንም አይገዛም። ክርስቲያን የሁሉ አገልጋይ ነው፣ ለሁሉም ይገዛል። አንቺ ግማሹን ነው የያዝሽው። መሪሽ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ይዛ አንቺ ላይ ጫነችው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በሰው ላይ ሲጫን ባርነት ይሆናል። ራስሽ ስታነሺው ነው ፍቅር የሚሆነው።

እዚያው ገላትያ ላይ፣ ምዕራፍ 6፣ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ቁጥር 2 አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም ይላል። ቁጥር 5 እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይሸከማል ይላል። በአማርኛችን ሁለቱም «ሸክም» ስለሆኑ የሚጋጩ ይመስላል። በግሪኩ ግን ቃሉ ሁለት ነው። የመጀመሪያው «ባሮስ» ነው፣ ሰውን የሚያጎብጥ ከባድ ክብደት። ሁለተኛው «ፎርቲዮን» ነው፣ መንገደኛ በጀርባው የሚይዘው የየራሱ ጓዝ። መሪሽ ጓዝሽን ካልያዝኩልሽ አለች። ሥራሽ ጓዝሽ ነው፣ ማንም አይያዝልሽ። ብድሩ ግን ሌላዋን እህት አጉብጧታል። ጓደኛሽ እሱን ለማንሳት ነው የመጣችው።

አመጣጧንም ልብ በይ። ብቻዋን መጣች። ቤትሽ መጣች። በቡድን መካከል አላነሳችውም፣ «እንጸልይላት» ብላ ለሌሎች አላወራችም። ይህ ማቴዎስ 18፥15 ላይ ጌታ ያዘዘው የመጀመሪያ እርምጃ ነው፣ አንተና እርሱ ብቻ ሆናችሁ። ይህን እርምጃ የሚዘል ስንቱ ነው! አብዛኞቻችን ከሰውዬው በፊት ለሦስት ሰው እንነግራለን። እሷ ግን ፊትሽ ቆማ ተናገረች። የቀድሞው ትርጉም በዚያው ቁጥር እንዲህ ይላል፦ «ቢሰማህ፥ ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው።» ይህችን ቃል ሁልጊዜ እወዳታለሁ። ጓደኛሽ ገንዘብ ልታስመልስ የመጣች መሰለሽ። አንቺን ገንዘቧ ልታደርግ ነው የመጣችው።

ያንን ምዕራፍ ከላይ እስከ ታች ብታነቢው ከፊቱ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዲቱን በግ ፍለጋ የሄደው ሰው አለ። ከኋላው ዕዳው ሁሉ የተተወለት፣ ወጥቶ ግን ባልንጀራውን በትንሽ ዕዳ ያነቀው ባሪያ አለ። ተግሣጽ የተቀመጠው በነዚህ ሁለት ታሪኮች መካከል ነው። ፍለጋና ምሕረት ከሌለበት ተግሣጽ አይደለም ማለት ነው። አንቺ በሦስት ወር ቅጣትሽ ውስጥ ሁለቱንም አላየሽም። በጓደኛሽ ፊት ላይ ግን አይተሻል ብዬ እገምታለሁ። ምናልባት የተቆጣሽውም ለዚህ ነው።

ለምን እንዳልከፈልሽ አልጻፍሽልኝም። ችግር ገጥሞሽ ከሆነ ያ ራሱ ባሮስ ነው። ለብቻሽ ተሸክመሽው ዓመት ከረምሽ ማለት ነው፣ ያሳዝነኛል። ተናገሪው። ወደ ፊልሞና ተመለሺ፣ ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ በደል ወይም ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ይላል። እንደዚህ ያለ ወንድም ወይም እህት በመካከላችሁ ሊኖር ይችላል። እያለሽ ሌላ ነገር እየቀደመብሽ ከሆነ ደግሞ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ያኔ የምትፈልጊው ንስሐና የመክፈያ ቀን ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ከብድሩ ጀምሪ። መሪሽን ከማናገርሽ በፊት መሆን አለበት። አለበለዚያ ትክክለኛው ቅሬታሽ እንኳ ከዕዳ መሸሺያ ይመስላል። አበዳሪሽ ጋ በአካል ሂጂ፣ በመልእክት አትጨርሺው። «ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ፣ ይቅርታ» በያት። ሁሉን በአንዴ መክፈል ካልቻልሽ በየወሩ ስንት እንደምትሰጫት ጽፈሽ ስጫት፣ የመጀመሪያውንም በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ። ወደ ቡድኑ እንድትመለስ ለምኛት። ካልተመለሰች አትጫኛት።

ከዚያ መሪሽን ለብቻዋ አግኚያት። ለአንቺም የማቴዎስ 18 ሥርዓት ይሠራል። በቡድን መካከል አታንሺው፣ ለዘማሪዎቹም አታውሪ። እንዲህ ብትያት ጥሩ ነው፦ «እህቴ፣ ስለ እኔ እንደምታስቢ አውቃለሁ። ሥራዬን በጸሎት ነው የወሰንኩት። ምክርሽን እሰማለሁ፣ ፈቃድ ግን አልጠይቅም። ስልኬንም አልሰጥም። በኃጢአት ካየሽኝ ግን መጥተሽ ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተያት። ከልብሽ ካልሆነች ግን ገና ነሽ፣ ቆይተሽ ሂጂ። ስለ ብድሩም ራስሽ ንገሪያት። ከመዝሙር ያስቆመችሽ ሽማግሌዎቹ አውቀውት እንደሆነ ጠይቂ። ሰው ከአገልግሎት የሚቆመው በግልጽ በሚታወቅ ኃጢአት፣ እርምጃው ሁሉ ታልፎ ነው። ሥራ ቀየርሽ ተብሎ አይደለም።

ካልሰማችሽ አንድ ሁለት የሚታመኑ ሽማግሌዎች ይዘሽ ተመለሺ። ይህ ዓመፅ አይደለም። በአንጾኪያ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር ከሚበላበት ማዕድ ሲያፈገፍግ ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃውሞታል። ስሕተቱ በሁሉ ፊት ስለነበር በሁሉ ፊት ተናገረው። መሪ ከተጠያቂነት ውጭ ቢሆን ኖሮ ያ ታሪክ በገላትያ 2 ላይ አይጻፍም ነበር።

ስለ ቡድናችሁም አንድ ነገር ልጨምር። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የነበረው ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ለትንንሽ ቡድኖች ሕግ ሲያወጣ፣ ገና ሳይገቡ ከሚጠየቁት አንዱ ስሕተትህ እንዲነገርህ ትፈልጋለህ ወይ የሚል ነበር። መጀመሪያ ፈቃደኛነት ተጠየቀ። የሚገርመው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1742 በእንግሊዝ፣ በብሪስቶል ከተማ የተጀመሩት አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰው የሚይዙ ቡድኖች መነሻቸው ዕዳ ነው። የጸሎት ቤቱን የግንባታ ዕዳ ለመክፈል እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲያዋጣ ተባለ። ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ የሰዉን ኑሮ አዩ። ማን እንደወደቀ፣ ማን እንደተቸገረ አወቁ። የገንዘብ ስብሰባው ወደ ነፍስ ጥበቃ ተለወጠ። መሪዎቹም ራሳቸው በየሳምንቱ ለአገልጋዩ ያስረዱ ነበር። እናንተም ከዚህ መማር ትችላላችሁ። ምን እንደምትጠያየቁ አብራችሁ ተስማሙ። ያዕቆብ 5፥16 «እርስ በርሳችሁ» ነው የሚለው፣ ስለዚህ መሪዋም ተራዋን ትናገር። እሷ የማትናዘዝበት ቡድን ከሆነ ስሙን መቀየር ይሻላል። በቡድን የተሰማ በቡድን ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ውጭ ነው፦ ሰው እየተደበደበ ወይም ሕፃን እየተጎዳ መሆኑ ከታወቀ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፣ ሊያስቆመው ለሚችል አካል ይነገራል።

ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ አሁን አይደለም። ዕዳ ይዘሽ፣ ተቀይመሽ አትውጪ፣ ያው ዕዳ በሚቀጥለው ቤተ ክርስቲያንም ይከተልሻል። ከፍለሽ፣ ተናግረሽ፣ ሽማግሌዎቹም ሰምተው ምንም ካልተለወጠ ግን ነፃ ነሽ። በሰላም ተሰናብተሽ ውጪ፣ ማንም ከሃዲ ሊልሽ አይችልም። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ግን እንደዚያች ጓደኛሽ በርሽን የምታንኳኳ ሰው ፈልጊ።

ከሁሉም በፊት ግን ደውዪላት። ሦስት ሳምንት ስልክሽን ስትጠብቅ ከርማለች።